ለሒሳብ ሊቁ የተሰጠች ሚስት

እፀገነት መጀመሪያ ያየችው የአውራ ጣቱን ጥፍር ነው። ንጋቱ ቀለም በጥብጦ ሸራው ላይ ከማሳረፉ በፊት በግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ጠብ ያደርግና ወደ መስኮቱ ዘርግቶ ያየዋል። እሷ ሥራ በጀመረችበት ቀን ጠዋት ጥፍሩ ሰማያዊ ነበር፤ ከሰዓት የሎሚ ቢጫ ሆነ፤ ሊወጣ ሲል ደግሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባሕሩ የሚይዘውን፣ ስም ያላገኘችለትን ቀለም ያዘ። አንድ ሰው ሙሉውን ቀን በአንድ ጥፍር ተሸክሞ ቤቱ መግባቱ አስገረማት።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። አባቷ የነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሻን ስለሆነ የክረምቱን የተግባር ልምምድ ወላጆቿ ዘንድ አሰብ እንድታደርግ ተፈቀደላት፤ በማጣሪያው ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት የትምህርት መርጃ መሣሪያ ክፍል ተመደበች። ሥራው የታላላቅ ሳይንቲስቶችን ሥዕልና የሕይወት ታሪክ አዘጋጅቶ ለመስከረም ግድግዳ ላይ መስቀል ነበር። ወረቀት በአሰብ ወበቅ ተጠቅልሎ ይሻግታል። ስለዚህ ከወደብ የሚመጣው የእርዳታ ስንዴ ጆንያ ይተረተርና ጀሶና ኮላ ተቀብቶ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ሸራ ይሆናል። እሷ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ታወጣጣለች፤ ንጋቱ ይስላል፣ ይጽፋል፤ የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ በዛብህ አርመው ያጸድቃሉ።

ጋሽ በዛብህ የእድር ጸሐፊም ናቸው። ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የሚጽፉትም፣ መቃብሩ ላይ ቆመው የሚያነቡትም እሳቸው ናቸው። በሳቸው ብዕር ክፉ ሆኖ የተቀበረ የለም። ሰካራሙ "ተጫዋችና ሰው ወዳድ" ይሆናል፤ ልጆቹን በትኖ የጠፋው "ለቤተሰቡ ሲል በሥራ የተንከራተተ" ይባላል። ሰው ይህን እያወቀ ያለቅሳል።

ንጋቱ በጎረምሳነቱ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ከደሴ መጥቶ የቀረ ነው። ከተማው ውስጥ የተጻፈ ነገር ሁሉ ከእጁ የወጣ ይመስላል፤ የፀጉር ቤቱ ማስታወቂያ፣ የወደቡ "ማጨስ ክልክል ነው"፣ የጭነት መኪናዎቹ በር ላይ ያሉት አንበሶችና ርግቦች። አርባን አልፏል። ካምቦ ሱዳን በሚባለው ሰፈር ብቻውን ይኖራል።

"አንተ ንጋቱ፣ ይህን ሁሉ ሰው ስለህ ለራስህ አንዲት ሴት መሳል አቃተህ?" ይሉታል ጋሽ በዛብህ።

"ቀለም አለቀብኝ ጋሼ።"

"ቀለሙን እኔ እገዛለሁ። አንተ ሴቷን አምጣ።"

ይስቃል። እሱ ሁሌ ቀድሞ ነው የሚስቀው።

ኒውተንና ማሪ ኩሪ ደርቀው ግድግዳ በተደገፉበት አንድ ቀን፣ ጋሽ በዛብህ ለቅሶ ሄደው ሁለቱ ብቻ ሳሉ፣ እፀገነት ከመጽሐፉ ጮክ ብላ እየተረጎመች ታነብለት ጀመር። አለን ቱሪንግ፣ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመኖችን ምስጢራዊ መልእክት ከፈቱት አንዱ፤ ኮምፒውተር የሚባለው ነገር ገና ሳይሠራ በሐሳቡ ያየው። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። ከወንድ ጋር የፍቅር ግንኙነት ነበረው ተብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ። ከሚታሰር ሰውነቱን የሚለውጥ መድኃኒት መቀበልን መረጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ በመርዝ ሞተ።

ንጋቱ ብሩሹን የቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ ያለበት ጣሳ ውስጥ አስቀመጠ።

"እስቲ ድገሚው።"

ደገመችው።

"መጽሐፉ ላይ አለ? ከነስሙ?"

"ከነስሙ፣ ከነፎቶው።"

መጽሐፉን ተቀበላት። እንግሊዝኛ አያነብም። ፎቶውን ግን ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ ፊት እንደሚያይ ሰው አየው። ዓይኑን ሳያነሳ "በቀለ የሚባል ሾፌር ነበር" አለ። "ከአዲስ አበባ ለጭነት በመጣ ቁጥር እኔ ጋ ነበር የሚያርፈው። ለዓመታት። ሰው ጓደኛሞች ይለናል። አምና መኪናው ተገልብጦ ሞተ፤ እዚሁ ተቀበረ። ጋሼ ናቸው ያነበቡለት። 'እጮኛውን ለማግባት በዝግጅት ላይ ሳለ' አሉ። እጮኛ የሚባል አልነበረውም፣ እፁ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው እየዞረ ሲያጽናና እኔን ዘሎ ያልፋል። ምኑ ነው ብለው ያጽናኑኝ? ሻይ ሳድል ዋልኩ።"

እፀገነት ለዚህ ነገር የምታውቀው ቃል ሁሉ ወይ ስድብ ነው ወይ የኃጢአት ስም። አንድም የፍቅር ቃል አልተሰጣትም ነበር።

"ይኼን ሰውዬ እንዳለ ጻፊልኝ" አለ ንጋቱ። "የሠራውን ብቻ ሳይሆን የሆነበትንም። በልጅነቴ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ግድግዳ ላይ አይቼ ቢሆን ኖሮ... አንድ ብቻ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ጻፈች። ስድብም ኃጢአትም ሳትጨምር፣ ሰው ወደደ፣ ስለወደደ ተቀጣ ብላ ጻፈች። ንጋቱ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ፊቱን ሳለ። የስንዴ ጆንያ እንዲህ ያለ ነገር ይሸከማል ብላ አታውቅም ነበር። ዓይኖቹ ሊናገሩ ሲሉ የተቋረጡ ይመስላሉ። ከሥዕሉ ሥር ለጽሑፉ የሚሆን ባዶ ቦታ ቀረ። ጋሽ በዛብህ ጽሑፉን ለማረም ቤታቸው ወሰዱት።

በማግስቱ ጠዋት ይዘውት መጡና ለለቅሶ እንደሚያነቡት ቆመው አነበቡት። ጦርነቱ አለ፤ ኮምፒውተሩ አለ። መጨረሻው ግን "ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት የነበሩ ሲሆን፣ ባደረባቸው ሕመም በተወለዱ በአርባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል" የሚል ነበር።

"ጋሽ በዛብህ፣ ሚስት አልነበረውም እኮ" አለች እፀገነት።

"አውቃለሁ ልጄ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ የዚህ ሁሉ ሥራ ባለቤት የልጆች መሳቂያ ይሁን? አዝኜለት ነው።"

"ውሸት ነው ግን።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "አንቺ መስከረም ላይ አዲስ አበባ ነሽ። ወላጅ መጥቶ 'ይህን ማን ሳለው? ለምን ሳለው?' ሲል እዚህ የሚገኘው ማን ነው?" ይህን ሲሉ ንጋቱን አላዩትም። እንዳያዩት መጠንቀቃቸውን ስታይ ገባት፤ ለካ ያውቃሉ። ያ ሁሉ የሴት ቀልድ ሰው ፊት የሚያለብሱት ጋቢ ኖሯል።

"ለበቀለም አዝነው ነው?" አለ ንጋቱ።

"እናቱ ስትመጣ ያነበብኩትን ወረቀት ሰጠኋት፤ ደረቷ ውስጥ ከታው ሄደች። እጮኛውን አሳየኝ ብትለኝ፣ አገሯ ገብታለች አልኳት። ምን ልበላት ኖሯል?"

ከውጭ ነፋሱ አሸዋውን ቆርቆሮው ላይ ይበትናል።

"ለኔስ?" አለ ንጋቱ።

"ምን ላንተስ?"

"እኔ ስሞት።"

ጋሽ በዛብህ ክፋት የሌለበት ሳቅ ሳቁ። "ገና ጎረምሳ አይደለህ እንዴ? ግን አትስጋ፤ እኔ ካለሁ ባዶህን አትቀበርም። ደህና ሴት ነው የምሰጥህ።"

ከልባቸው ነው። የሚወዱትን ሰው ነው ያጽናኑት። እፀገነት ግን የንጋቱን ፊት አይታ ዓይኗን መለሰች።

ንጋቱ የጀሶውን ባልዲ አነሳ። ሰፊውን ብሩሽ ነክሮ ሥዕሉን ከግንባሩ መቀባት ጀመረ፤ ዓይኖቹን፣ አፍንጫውን፣ ከንፈሮቹን አለፈባቸው። ማንም አልያዘውም። ጀሶው ሲወርድ አንዱ ዓይን ለአፍታ በነጩ ውስጥ ታየና ጠፋ።

"ምን ነካህ? ሳምንት ሙሉ የለፋህበትን" አሉ ጋሽ በዛብህ፣ ዘግይተው።

"ካላገባ የማይሰቀል ከሆነ ይቅር።" ብሩሹን አስቀመጠ። "ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። እኔ ስሞት ምንም እንዳይነበብ።"

"ሳይነበብለት የሚቀበር አለ? የእድሩ ደንብ ነው።"

"ዝም ብላችሁ አፈር ብታለብሱኝስ?"

"እኔ በቁሜ? አላደርገውም ንጋቱ። እንደ ውሻ አልቀብርህም።" ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ጋሽ በዛብህ፣ ነገር ለማብረድ፣ "ሲደርቅ ኤዲሰን ይሳልበታ" አሉ።

"ኤዲሰን ሚስት ነበረው?" አለ ንጋቱ።

"ሁለት ጊዜ አግብቷል" አለች እፀገነት፣ ምን እያለች እንደሆነ ሳታውቅ።

"እንግዲያው ለእሱ ምንም መጻፍ አያስቸግርም።"

እጁን በጨርቅ ጠረገና ወጣ። እስከ በሩ ተከተለችው። ግቢው በፀሐይ ነጭ ሆኗል፤ የሚነፍሰው አየር ከምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስላል። በስሙ ጠራችው።

"ግቢ እፁ፣ ፀሐዩ ይመታሻል" አላት።

የግንቡን ጥላ ይዞ ወደ ወደቡ መንገድ አቀና። አንድ ተሳቢ መኪና ሲያልፍ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋለት፤ ንጋቱ ቀና ሳይል እጁን አነሳለት። ጥላው አለቀ፤ ፀሐዩ ውስጥ ገባ፤ ሳይቸኩል መሄዱን ቀጠለ።