ጋሽ ሸምሱና በሐይቁ መሀል የጋለው ሞተር

በወሎ ሰፈር የጀልባ ሞተር በመጠገን የምናውቃቸው ጋሽ ሸምሱ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ የሱብሂ ሶላታቸውን ሰግደው ጥቂት ጋደም እንዳሉ፣ ከዚህ ዓለም ተለይተውናል። ቀብራቸውም የዚያኑ ዕለት ተፈጽሟል። ይህን የምጽፈው ለቤተሰባቸው፣ ለጋራዥ ጎረቤቶቻቸውና ሞተር ተሸክመው ደጃቸውን ለረገጡ ሁሉ ነው። እኔ ዘመዳቸው አይደለሁም። በዝዋይ ሐይቅ ደሴት ላይ ለስድስት ዓመት የሠራሁ አዋላጅ ነርስ ነኝ።

ባሕር በሌለበት ከተማ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ምን ይሠራል እያሉ የሚቀልዱባቸው ነበሩ። እሳቸው ግን «ሐይቁ ባይመጣ ሞተሩ ይመጣል» ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ከመኪና ጋራዦቹ መካከል በተሸጎጠችው ቤታቸው ውስጥ ውሃ የሞላ ሰማያዊ በርሜል ነበር። የመጣላቸውን ሞተር በበርሜሉ ጠርዝ ላይ አስረው ያስነሱታል። ከዚያ መዳፋቸውን በሞተሩ ራስ ላይ አሳርፈው ከጎኑ የምትወጣውን ቀጭን ውሃ ይመለከታሉ። ሞተሩን አቀዝቅዛ የምትወጣው እሷ ናት። «ይህቺ ውሃ ከሳሳች ሞተሩ ተጠምቷል ማለት ነው» ይሉ ነበር። የጤና ጣቢያችንን የጀልባ ሞተር ላስጠግን ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ ስመጣ ደግሞ ስለ ሞተሩ አፌን ከመክፈቴ በፊት ከጎረቤት ምግብ ያስመጡልኛል። «ሲስተር፣ መጀመሪያ ብዪ። ሞተሩ እንደሆነ አይርበውም።»

የጤና ጣቢያችን ጀልባ አርጅታ አዲስ አሠራንና የድሮውን ሞተር ገጠምንባት። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሞተሩ ሐይቁ መሀል ላይ ይግል ጀመር። ወሎ ሰፈር ይዤው መጣሁ። ጋሽ ሸምሱ ፈተው ሲያዩት ውሃ የሚስበው የፓምፑ ጎማ አልቋል። በአዲስ ቀየሩት፤ በበርሜሉ ውስጥም አንድ ሰዓት ያህል አሠሩት። ውሃዋ ሳትቆራረጥ ወጣች። «አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ጤነኛ ነው። ውሰጂው» አሉኝ።

በአራተኛው ቀን አስካለ የምትባል የደሴቱ ልጅ ምጥ ጸናባት። ከተማ ሆስፒታል መድረስ ነበረባት። ጀልባዋ ፊት ላይ ፍራሽ አንጥፈን አስተኛናት፤ ዘመዶቿም ዙሪያዋን ከበው ተቀመጡ። ሐይቁን እንዳጋመስን ሞተሩ ጮኸ፤ ነጂያችን ገመቹ አጠፋው። ሲቀዘቅዝ አስነሳው፤ ጥቂት እንደሄደ እንደገና ጋለ። በመጨረሻ መቅዘፍ ሆነ። አስካለ እጄን ጨብጣ «ሲስተር፣ ደረስን?» ትለኛለች። «ደርሰናል፣ ትንሽ ነው የቀረን» እላታለሁ። ዳሩ ገና አይታይም ነበር።

ደረስን። በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ተረፉ። እኔ ግን ወዲያው ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ደወልኩና ጮኽኩባቸው።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ጤነኛ ነው ያሉኝ ሞተር ሰው ሊገድልብኝ ነበር!»

 «እናትየዋ አለች?» አሉኝ።

«አለች።»

«ልጇስ?»

«አለች።»

«ነገ እመጣለሁ።»

ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው በማግስቱ የመሣሪያ ቦርሳቸውን አንግተው ዝዋይ ወረዱ። ሞተሩን ግን አልፈቱትም። «በርሜሌ ውስጥ ደህና ነበር። ስለዚህ ያመመው በርሜሌ ውስጥ የሌለ ነገር ነው። ትናንት ማን የት ተቀምጦ ነበር?» ብለው ጠየቁ። ከዳር ሰዎች ለምነን ልክ እንደዚያን ቀን ፊት ፊት አስቀመጥናቸው። እሳቸው ከሞተሩ አጠገብ በሆዳቸው ተኝተው እጃቸውን ውሃ ውስጥ ነከሩ። ገመቹ ፍጥነት ሲጨምር ያቺ ቀጭን ውሃ ሳሳች፤ እንደሚያስል ሰው ቆረጥ ቆረጥ አለችና ቆመች።

«ሁላችሁም ወደ ኋላ ኑ!» አሉ። ተጠጋን፤ ውሃዋ ተመለሰች።

ነገሩ ለካ ሞተሩ የሚታሰርበት የአዲሷ ጀልባ የኋላ ሳንቃ ከድሮው በአራት ጣት ይረዝማል። ሰው ፊት ላይ ሲበዛ ኋላዋ ይነሳል፤ የሞተሩ ውሃ መሳቢያ ከውሃው ይወጣና አየር ይስባል። ከሰዓት በኋላ አናጺ ሳንቃውን ቆረጠልን፤ ሞተሩ ዝቅ ብሎ ታሰረ። ያንኑ ያህል ሰው ጭነን ሁለት ጊዜ ተመላለስን፤ አልጋለም።

ዳር ስንወጣ እጅጌያቸውን እየጨመቁ «ጥፋቱ የጀልባ ሠሪው አይደለም። ጀልባ ቀይራችሁ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም» አሉ። ስለ ጩኸቴ ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል አቋረጡኝ። «አንቺማ ባትጮኺ ኖሮ እኔ በርሜሌን አምኜ እቀር ነበር።»

ወደ አዲስ አበባ ከመመለሳቸው በፊት ሆስፒታል ውሰጂኝ አሉኝ። አስካለ አልጋ አጠገብ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። «ሞተሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። አፉ በይኝ፣ ልጄ» አሏት። እሷ ስለ ሞተር ምን ታውቃለች? «አባባ፣ ምን አደረጉኝ?» አለችና ሕፃኗን አሳቀፈቻቸው። ጋሽ ሸምሱ ሕፃኗን እንዳቀፉ ዱዓ ሲያደርጉ ድምፃቸው ተቆራረጠ።

ሐሙስ ዕለት ከደሴቱ ከመጣችው አስካለ ጋር ለቅሶ ደረስን። ይህንን ለባለቤታቸው ለእትዬ ዘይነባ ስንነግራቸው በመገረም አዩን። «ለኛ የነገሩን ‹ዝዋይ አጥፍቼ ነበር፤ ሄጄ አስተካከልኩ› ብለው ብቻ ነው። ሐይቅ ውስጥ ገቡ? እሳቸው እኮ ዋና አያውቁም!» አሉ። እንባቸውን እየጠረጉም ሳቁ፤ እኛም አብረናቸው ሳቅን፣ አለቀስን።

ጋሽ ሸምሱ፣ እኔም በሥራዬ የምሳሳትበት ቀን አለ። የበደልኩት ሰው ፊት ቆሜ እንደ እርስዎ «አፉ በይኝ» ለማለት ስሞክር ሌላ ወሬ አንስቼ እወጣለሁ። እርስዎ እንዴት እንደቻሉበት አንድ ቀን እጠይቅዎታለሁ እያልኩ ሳልጠይቅዎ ቀረሁ። ቤተሰብዎ በዱዓቸው፣ እኔም በማውቀው ጸሎት እናስብዎታለን። ማረፊያዎ ሰፊና ብርሃን ይሁንልዎ። ደህና ይሁኑ፣ አባቴ።