ከማን ደም እንደመጣ

የአባቴ ቀበቶ ሲፈታ ዘለበቱ ይንቃጨላል። ያን ድምፅ ከእኔ ቀድመው የሚሰሙት ሁለቱ ወንድሞቼ ናቸው። ሁለቱም ዓይናቸው አያይም። ሕፃን ሳሉ ያዩ ነበር፤ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ መጀመሪያ ሲመሽ፣ ኋላ በጠራራ ፀሐይም መደናበር ጀመሩ።

አባቴ ለዚህ እናቴን ይደበድባት ነበር። «ዕውርነትን ቤቴ ያመጣሽው አንቺ ነሽ!» እያለ። አንዴ በበሩ መቀርቀሪያ ክንዷን ሰበረው። ለወጌሻው «ወድቄ ነው» አለችው።

በዘር የሚተላለፍ ዕውርነት የሚያጠኑ ሐኪሞች ኮልፌ ግቢያችን መጥተው ከዘመድ አዝማዱ ሁሉ ደም ወሰዱ። ከእነሱ አንዷ ዶክተር ውጤቱን ይዛ ስትመለስ «ለእያንዳንዱ ለብቻው ነው የምናገረው» አለች። አባቴ አሻፈረኝ አለ። ዘመዶቹን ከሳንሱሲና ከአየር ጤና የጠራው እናቴ በፊታቸው እንድትዋረድ ነበር።

«እዚሁ ይናገሩ ዶክተር። የማን ደም እንደሆነ ሁሉም ይስማ።»

«ከሁለታችሁም ነው» አለች። «ከአንዳችሁ ብቻ ቢወርሱ ኖሮ አይታወሩም ነበር።»

«ውሸት! የእኔ ዘር ንጹሕ ነው!»

አሮጊቷ አክስቱ ሳቁ። «የእሷም ዘር ያው ያንተው ነው። ቅድመ አያቶቻችሁ ወንድማማች ናቸው።»

«ስንጋባ ሰባት ቤት ተቆጥሯል!»

«የቆጠረው አባትህ ነዋ! አራተኛው ቤት ላይ ስትገናኙበት ዘሎት አለፈ። ምን ያድርግ? እሷን ካላገባሁ ገመድ ውስጥ እገባለሁ ብለህ እግሩ ላይ የተንከባለልከው አንተ አይደለህ?»

ከዘመዶቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። አባቴ በርጩማውን አንስቶ የእናቴን ግንባር አለው። ደሙ ነጠላዋ ላይ ወረደ። ወዲያው ዘለበቱ ተንቃጨለ።

ታላቅ ወንድሜ ወደ ድምፁ ተወረወረ። ቀበቶውን አየር ላይ ቀለበው፤ ክንዱ ላይ ጠምጥሞ ጎተተና አባቴን መሬት ላይ ጣለው። «ያንተም ደም ነኝ! ያንተም!» እያለ በጡጫ ፊቱን መታው። ጥርስ ሲሰበር ሰማሁ። አጎቶቼ ሊያላቅቁት አልቻሉም።

እናቴ ግንባሯን እንደያዘች መጣች። «በቃ ልጄ» ስትለው እጁ ቆመ። ቀበቶውን ከክንዱ ፈትታ ዘለበቱን አንዴ የአባቴ አፍ ላይ አሳረፈችው። አባቴ አልተነሳም።

ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞረች።

«ሴቷ ልጄ አለች» አለቻት። «የእሷን ውጤት ለብቻዋ ይንገሯት።»

በደም በራሰ እጇ ይዛ ከዶክተሯ ጋር ወደ ጓዳ አስገባችኝና በሩን ከውጭ ዘግታ ቆመችበት።