በሁዳዴ ቅቤ የላሰው ውሻችን

እናቴ ሁዳዴ ሲገባ የቅቤ ማሰሮዋን አፍ በጨርቅ አስራ ጓዳ ጥግ ታስቀምጠዋለች። እስከ ፋሲካ ማንም አይነካውም። ለእኛ እንዲህ የምትጨክን ሴትዮ ለውሻው ግን አንጀቷ አይችልም ነበር። "እሱ ምን ጾም አለበት? ክርስትና አልተነሳ!" ትልና በማንኪያ ዛቅ አድርጋ ትሰጠዋለች። ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና የሄደ ሰሞን ያመጣችው ቡችላ ነው፤ "ልጄ" እያለች ነው ያሳደገችው። እኔ አንዳንዴ ይገርመኝ ነበር፤ አንዳንዴም፣ ምን እደብቃለሁ፣ ያበሽቀኝ ነበር።

ወንድሜ ከሰሜን ጦር ግንባር ሲመለስ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ታቦር ተራራ ሥር ባለችው ቤታችን ቀኑን ሙሉ አልጋው ላይ ሆኖ ያንቀላፋል። ስናናግረው እንኳ ዓይኑ ይከደናል። እኛ ሐዘን ነው፣ ድካም ነው እያልን በእግር ጣታችን እንራመድለታለን።

የዚያን እሑድ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ውሻውን ቅቤ አላሰችው። ብዙም ሳይቆይ ፓፓያው ሥር አስመለሰው። ከዚያ የኋላ እግሮቹ ከዱት፣ ተንከባለለ።

"ማዘጋጃ ቤት ልጄን ፈጀብኝ!" ብላ ጮኸች። ያኔ አዋሳ ውስጥ ማዘጋጃ ቤቱ ለባለቤት አልባ ውሾች መርዝ የተቀባ ሥጋ ይጥል ነበር፤ የግቢ ውሻም አብሮ ያልቃል። መድኃኒቱን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ወተት መጋት ነው። በጾም ቤታችን ወተት ከየት ይመጣል? እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳታጣፋ ወደ ጎረቤት ሮጠች። ጎረቤታችን ፒያሳ ሱቅ ያላቸው፣ ግቢያቸው ውስጥ ላም የሚያልቡ ሙስሊም ሴት ናቸው። ደግ ናቸው፤ የበኩር ልጃቸው ግን የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ነው።

እኔ ከውሻው ጋር ቀረሁ። መርዝ የበላ ውሻ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ኮሽ ባለ ቁጥር ይንፈራገጣል። ይሄኛው ግን እንደ ረጠበ ጨርቅ ተልፈስፍሷል። የዓይኑ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። አንዴ ከተነፈሰ በኋላ ሌላውን ትንፋሽ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ቀረ ስል ይመጣል።

ወንድሜ በክራንቹ ተደግፎ በሩ ላይ ቆመ። ውሻውን አየ። ከዚያ ወደ ጓዳው ዞረ።

"እታለም፣ ምን በላ?"

"ምን ይበላል፣ እማዬ ቅቤ ሰጠችው እንጂ።"

ፊቱ አመድ መሰለ። ምን እንደሆነ ባላውቅም፣ የሚያውቀው ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ፈራሁም።

እናቴና ጎረቤታችን አንድ ኩባያ ወተት ይዘው ተከታትለው ገቡ። እናቴ ተንበርክካ የውሻውን መንጋጋ ፈለቀቀች። ወንድሜ አፉን ከፈተ፣ ጎረቤታችንን አየና መልሶ ዘጋው። እናቴ ኩባያውን አዘነበለች።

"እማዬ ተይ!" ክራንቹን ጥሎ መሬት ላይ ወደቀና ኩባያውን ከእጇ መታው። "አይውጠውም! ሳንባው ውስጥ ነው የሚገባው፣ አፍነሽ ትገድይዋለሽ!"

"በመርዝ ሲሞትስ?"

"መርዝ አይደለም። የኔ ክኒን ነው። ሞርፊን ነው እማዬ። ቅቤው ውስጥ ሸጉጬው ነበር። እስከ ፋሲካ ማን ይነካዋል ብዬ።"

ክኒኑ ከጦር ሆስፒታል ተሰርቆ የሚሸጥ ነው። በጦርነቱ ዘመን የወታደር መድኃኒት ይዞ የተገኘ ሰው በአሻጥር ነው የሚታሰረው፣ እግር ኖረው አልኖረው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ የአብዮት ጥበቃው እናት ደግሞ ከፊታችን ቆመዋል። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ሰው አፍ ላይ አፍጥጬ አላውቅም።

ጎረቤታችን ጎንበስ ብለው የወደቀውን ኩባያ አነሱ። "እኔ ወተት ላደርስ ነው የመጣሁ፤ ሌላ የሰማሁት የለም" አሉ። ሲወጡም የውጭውን በር ገጥመው ሄዱ። ያመሰገንናቸው ስንት ጊዜ ቆይተን ነው።

ወንድሜ ውሻውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ደረቱን ያሸው ጀመር። "ውሃ!" ይለኛል፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፈስበታለሁ። ጆሮው ሥር ይጮህበታል፣ ጉንጩን ይጠፈጥፈዋል። አንዴ ትንፋሹ ጭልጥ ብሎ ሲጠፋ አፉን በእጁ ገጥሞ በአፍንጫው እፍ አለበት። እናቴ ማርያም ማርያም ትላለች። እንዲህ ነቅቶ ካየሁት ስንት ጊዜ ሆኖኛል! ወንድሜን ነው የምለው። ፀሐይ ወደ ሐይቁ ዘቅዘቅ ስትል ውሻው ዓይኑን ገለጠ፤ ቆይቶም በደረቱ እየተሳበ የእናቴን እጅ ላሰ።

እናቴ አለቀሰች፣ ሳቀችም። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረች።

"ይሄን ሁሉ ከማን ተማርክ?"

"ሆስፒታል አጠገቤ ከተኛው ልጅ። ክኒኑ ሲበዛብኝ ትንፋሼ ይጠፋል። እሱ ነበር እንዲህ እየጠፈጠፈ የሚመልሰኝ።"

"እዚህስ?"

ወንድሜ የውሻውን ደረት ማሸቱን አላቆመም።

"እዚህማ ማን አለ፣ እማዬ።"

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣችም። ብድግ ብላ ገባች፤ ፍራሿን ከመኝታ ቤቷ መሬት ለመሬት ስትጎትት ሰማኋት። ተከትያት ስገባ ወንድሜ አልጋ ሥር አንጥፋ፣ ትራሷን ወደ እሱ ራስጌ ታስተካክል ነበር። ገና አልመሸም።