ለለቅሶዬ የመጣው ሰው

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ ዳንግላ አስተማሪ ሳለሁ ነው። ዛሬም የማላውቀው ሰው ስሜን ሲጠራ፣ «አቤት» ከማለቴ በፊት ያ ቀን ይመጣብኛል።

አንድ ጸሐፊ ስለ ራሱ ሕይወት ያሰበውን ሰብስቦ ያሳተመው መጽሐፍ እጄ ገባ። ስለ አባቱ ማሳ የጻፈውን ሳነብ አለቀስኩ። መጨረሻው ላይ የፖስታ ቁጥሩን ሰጥቶ፣ አንባቢ የተሰማውን እንዲጽፍለት ይለምናል። እኔም አራት ገጽ ጻፍኩለት። አባቴን አነሣሁ፤ መሬት ይለካል ተብሎ ገበሬው እንቅልፍ ማጣቱንም ሳላስበው ጨመርኩበት።

ፖስታውን ከላክሁ በኋላ ፍርሃት ያዘኝ። ደብዳቤ በመንግሥት ሰዎች እየተከፈተ ይነበባል ይባል ነበርና። የፖስታ ቤቱ ሰው ሰላምታ ሲያበዛ «ምን አግኝቶ ነው?» እላለሁ፤ ሲያሳጥር ደግሞ «አለቀልኝ»።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ገበያ ዳር ቆሜ ሳለሁ፣ አለኸኝ የሚባለው ባለጋሪ፣ ባርኔጣ ያደረገና የቆዳ ቦርሳ የያዘ ሰው ጭኖ መጣ። ፈረሱን አጠገቤ አቁሞ በአዊኛ፣ «አንተን ነው የሚፈልገው። መሬት ቀያሽ ሳይሆን አይቀርም፤ ቤትህን አላሳየሁትም» አለኝ። እኛ ዘንድ እንግዳ ሰውን በስም ሲጠይቅ፣ ቤቱ ከመጠቆሙ በፊት ወሬው ለባለቤቱ ይደርሳል።

እንግዳው ወርዶ፣ «መምህር ጥሩነህን ያውቋቸዋል?» አለኝ።

የራሴን ስም ሲጠራ ደነገጥኩ። «አውቀው ነበር፤ ሞተ» አልኩ።

ባርኔጣውን አወለቀ። «እግዜር ነፍሳቸውን ይማር። እንግዲያው ቤታቸውን ያሳዩኝ፣ ለቅሶ ልድረስ።»

ይህን አላሰብኩትም። መርዶ የሰማ ሰው ለቅሶ ሳይደርስ እንዴት ይሄዳል? ቤቴ ደግሞ እናቴ በር ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነው። «ቤተሰቡ ጫግኒ ገብቷል» ብዬ ሌላ ውሸት ጨመርኩ። አለኸኝ አማርኛ እንደማይሰማ ሰው የፈረሱን ጆሮ ያያል።

እንግዳው ዐይኑን በመሐረብ ጠረገ። እሱንም ጠረጠርኩት፤ ጆሮ ጠቢ ማልቀስ አያቅተውም ብዬ። ከዚያ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ፣ «ለቤተሰባቸው ያድርሱልኝ» አለና አውቶቡሱ እንዳያመልጠው ተመለሰ።

ስፈታው ያው መጽሐፍ ነው። ውስጡ፣ «ደብዳቤ ለጻፈልኝ አንድ አንባቢዬ፣ ለመምህር ጥሩነህ» ይላል፤ ከሥሩ የደራሲው ፊርማ። ሮጬ ልደርስበት እችል ነበር። «ወጥመድ ቢሆንስ?» እያልኩ ሳመነታ አውቶቡሱ ሄደ።

ከዓመታት በኋላ ሁለተኛ መጽሐፉ ወጣ። ስለ እኔ ሞት ጽፎበታል። «መርዶውን የነገሩኝ ደግ ሰው ከእኔ ይበልጥ ደንግጠው ነበር» ይላል። «አለሁ» ብዬ ልጽፍለት ስንት ጊዜ ወረቀት አወጣሁ። አፈርኩ።

እሱ ሲያርፍ ግን አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ለቅሶ ደረስኩ። ልጁ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ማን ልበልዎ?» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ እውነተኛ ስሜን ነገርኳት። ስሜን ከአባቷ መጽሐፍ ታውቀዋለችና፣ «ምነው ይህን ሰምቶ በሞተ!» አለች።

ንግግሯ እስከ ዛሬ ያመኛል።