የቴርሞሜትር እጅ

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው በቅጽል ስሙ ነው፤ ቴርሞሜትር። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ስለሆንኩ ሌላ ሰው ሲጠራው ይደላኝ ነበር። እኔ ራሴ ግን ጋሼ ነው የምለው። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን እንሠራለን። እኔ የስልክ ስክሪን እቀይራለሁ፣ እሱ ላፕቶፕ ይጠግናል።

በተለይ የጌም ላፕቶፕ የሚያመጡለት ብዙ ናቸው። የጌም ላፕቶፕ ጉልበተኛ ግን ግልፍተኛ ነገር ነው። ትንሽ ሲያሠሩት ይግላል፣ ሲግል ይለግማል፣ ሲብስበት ድርግም ብሎ ይጠፋል። ጋሼ ታዲያ እንደ ሌሎቹ ጠጋኞች የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ለመክፈት አይቸኩልም። የእጁን ጀርባ ትኩስ አየር ወደሚወጣበት ቀዳዳ ያስጠጋል፣ የላፕቶፑን ሆድ ይዳስሳል፣ ዓይኑን ጨፍኖ "ሰማንያ አምስት" ይላል። ፕሮግራሙ ሲከፈት ሰማንያ አራት ነው፣ ቢበዛ ሰማንያ ስድስት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው በዚህ ነገር ሻይ እየተወራረደ ስንቴ እንደተበላ እሱም አያውቀው።

"ፕሮግራሙን ለምን አታምነውም?" ብዬ ጠይቄው ነበር።

"ፕሮግራሙ የሚነግርሽ ማሽኑ ስለ ራሱ የሚያወራውን ነው" አለኝ። "በሽተኛን ስለ ራሱ ብትጠይቂው ደህና ነኝ ነው የሚልሽ።"

ይህን የሚለኝ እንግዲህ ስኳር ያለበት ሰው ነው። ክኒኑን የሚውጠው ባስታወሰ ቀን ነው። እህቴ ስትጨቀጭቀው "ምን ሆንኩና፣ ደህና ነኝ" ይላታል።

እቤትም ሥራው ያው ነበር። ትንሿ ልጃቸው ሲያተኩሳት ግንባሯን ይዛ አባቷ ፊት ትቆማለች። "አባዬ፣ ስንት ነኝ?" ትለዋለች። እሱም በእጁ ጀርባ ይነካትና ቁጥሯን ይነግራታል። እህቴ ለዚያ ቤት የትኩሳት መለኪያ ገዝታ አታውቅም።

መጀመሪያ የከዳው እግሩ ነው። አንድ ጠዋት በአንዱ እግሩ ነጠላ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ ብቻ አድርጎ ሱቅ ገባ። ልብስ ሰፊው አይቶት "ቴርሞሜትር፣ ያንን እግርህን ደግሞ እቤት ረሳኸው?" አለው። ጫማው መንገድ መሃል ወልቆ ቀርቶ ተገኘ። ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ስንስቅ ከረምን፣ እሱም አብሮን ሳቀ። ያ ሳቅ አሁን ትዝ ሲለኝ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ቀጥሎ ብሎኖች ከእጁ መውደቅ ጀመሩ። ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ ስለቅም "መነጽር ቀይር በቃ" አልኩት። ዓይኑ መስሎኝ ነው። እሱ ደግሞ "ቅባት ነክቶኝ ነው" እያለ ጣቶቹን ሱሪው ላይ ይጠርጋል።

የአንዲት ነርስ ላፕቶፕ የመጣው በዚህ መሃል ነው። "ነርስ ሆነሽ ጌም?" አልኳት።

"ቀን ሰው ሳድን ነው የምውለው፣ ማታ ትንሽ ብገድል ምናለበት?" አለችኝ።

ጌሙ ሲከፈት እየተንቀጠቀጠ ይጎተታል። ጋሼ ጥቂት ነካክቶ ነገሩን አገኘው። "እዚህ ውስጥ ምስሉን የሚሠራ ሁለት ግራፊክስ አለ" አላት። "ትንሹ ለጽሑፍና ለፊልም ነው፣ ባትሪ ይቆጥባል። ትልቁ ለጌም ነው። ጌም ስትከፍቺ ማሽኑ ራሱ ወደ ትልቁ መዞር ነበረበት። ያንቺ ግን ትልቁን አስተኝቶ ትንሹን ያሸክመዋል።"

ቅንብሩን ለወጠውና ጌሙ መብረር ጀመረ። ግን ትልቁ ሲነቃ ሙቀቱም አብሮት ነቃ። ትንሽ ቆይቶ ማሽኑ ዛለ፣ ከዚያ ጠፋ። ጋሼ ከፈተው። ማራገቢያው አቧራ ጠጥቶ ታፍኗል፣ በቺፑና ሙቀቱን በሚስበው መዳብ መሃል የሚቀባው ፔስት ደግሞ ደርቆ እንደ ጠመኔ ይፈረፈራል። ጠረገው፣ አዲስ ቀባ፣ መዳቡን መልሶ አሰረ። የመዳቡ ብሎኖች እኩል መጥበቅ አለባቸው፤ እኩል መሆናቸውን ደግሞ የሚያውቀው ጣት ነው። ሲጨርስ ጌሙን አስነስቶ እጁን ቀዳዳው ላይ አደረገ።

"ቀዝቅዟል" አለ።

"በፕሮግራሙም እየው እስቲ" አልኩት።

"አንቺ ልጅ፣ ስክሪንሽን ቀይሪ" አለኝ። ነርሷ አመስግና ወሰደችው።

በማግስቱ ተመልሳ መጣች። ላፕቶፑ ጭኗን አቃጥሏታል። አልተቆጣችም፣ "ጋሼ፣ አሁንም ይግላል" ብቻ ነው ያለችው። የተቆጣው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው ስሠራ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም።

"እኔ ቀዝቅዟል ካልኩ ቀዝቅዟል" አለ። የሆዱን ክዳን ፈቶ እንደተከፈተ ጌሙን አስነሳ። ጥቂት ጠብቆ አራቱን ጣቶቹን መዳቡ ላይ አሳረፈ። "ይኸው። ይሄን ነው ጋለ የምትይኝ? ንኪው።"

ነርሷ እጇን ዘረጋችና ገና ሳትነካው ሰበሰበችው። የጋሼ ጣቶች ግን እዚያው ናቸው። አንጓውን ይዛ ስታነሳው የጣቶቹ ጫፍ ነጭ ሆኗል፣ እያየነውም ውሃ መቋጠር ጀመረ።

"አላቃጠለዎትም?" አለችው።

"ምኑ?"

አስቀመጠችው። ከእኔ ጠረጴዛ ላይ ቀጭኗን መቆንጠጫ አነሳች። "ዓይንዎን ይጨፍኑ። ጣትዎን ስነካ የትኛው እንደሆነ ይነግሩኛል።" ያልተቃጠለውን እጁን ዘርግቶ ጨፈነ። አውራ ጣቱን ጫን አለችው። ሌባ ጣቱን። መሃለኛውን። የመቆንጠጫዋ ጫፍ ቆዳው ላይ ጎድጓዳ እስኪተው ድረስ እየተጫነች እስከ ትንሿ ጣት ደረሰች። ጋሼ ዓይኑን እንደጨፈነ በትዕግሥት ይጠብቃል።

"ጀምሪ እንጂ" አላት።

ሐኪም ቤት ስኳሩ ነርቡን እንደጎዳው ነገሩት። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ አሉት። ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም አለና "ለእህትሽ ላፕቶፕ አቃጠለኝ ነው የምላት" አለኝ። "አንቺም የምታውቂው እሱን ነው።" እሺ አልኩት። እሺ ያሰኘኝ ፊቱ ነው፤ ልመና የማያውቅ ሰው ሲለምን ማየት ያስጨንቃል።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ጣቶቹን በፋሻ አስሮ ፕሮግራሙን ከፍቶ ይቀመጣል። "ዘጠና አንድ" ይላል፣ እያነበበ። ብሎኑን የማጠብቀው እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊው መወራረዱን ተወው። ደንበኛ ሲገባ "እጁ ወርቅ ነው" ማለቱን ግን አልተወም፣ ጋሼም ይህን ሲሰማ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ያወርዳል። እጅ መስጠት የሚሉትን ነገር በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው። እኔም በሕይወቴ ተስፋ የቆረጥኩበት ጊዜ አለ፤ የእሱን ግን የሚያህል አልነበረም።

አንድ እሁድ ከሰዓት እቤታቸው ነበርኩ። ልጅቷ ጉንጮቿ ቀልተው መጣችና አባቷ ፊት ቆመች።

"አባዬ፣ ስንት ነኝ?"

ደህነኛውን እጁን አነሳ። እንደ ድሮው በጀርባው ግንባሯን ነካት፣ እንደ ድሮው ዓይኑን ጨፈነ። እጁን ግን ቶሎ አላነሳም። እህቴ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይዛ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

"ሠላሳ ሰባት" አለ። "ምንም የለብሽም።"

እህቴ እፎይ ብላ ወደ ልብሷ ተመለሰች። እኔ ልጅቷን ወደኔ ሳብኳት። ግንባሯ መዳፌን ፈጀኝ። ቀና ስል ጋሼ ፊቴን እያየ ነው። ቁጥሩን እዚያ ላይ አነበበው።

"እህትሽን ጥሪያት" አለኝ ቀስ ብሎ። "ሐኪም ቤት እንውሰዳት።"

እህቴ እጇን እያደራረቀች ገባች፣ ልጇን ዳሰሰች፣ ከዚያ ባሏን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ልጅቷን በሻርፕ ጠቅልላ ትከሻዋ ላይ አደረገቻት።

ጋሼ ተደናግጦ ወዲያ ወዲህ ይላል። አልጋው ሥር አጎነበሰ፣ ከበሩ ኋላ አየ፣ ወንበሩን ገፋ አደረገ።

"ጫማዬ የታለ? ጫማዬን አያችሁ?"

ልጅቷ ከእናቷ ትከሻ ላይ በደከመ ድምፅ "አባዬ፣ አድርገኸዋል እኮ" አለችው።

ቆመ። ጎንበስ ብሎ እግሩን አየው፣ ዓይኑን እንዳላመነ ሁሉ በእጁ ዳሰሰው። ከዚያ ቀና አለና፣ እውነቷን እንደሆነ እንድነግረው እኔን አየኝ።