ከሁለተኛው መስኮት በታች

ባቡር አሰላ ደርሶ አያውቅም። ባቡር ማየት ያማረው ሰው ናዝሬት ወርዶ ነበር የሚያየው። እንዲህ ባለ ከተማ የባቡር ፉርጎ ቀለም ዳኛ ሆኜ መቀመጤ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ደረቴን ነፍቼ ነው የተቀመጥኩት።

የፎቶ ቤት ሪቶሽ ሠራተኛ ነበርኩ። የፊት ጠባሳ በእርሳስ መሸፈን፣ ያልተፈለገውን በምላጭ መፋቅ፣ ጥቁርና ነጩን በውሃ ቀለም ማሳመር የኔ ሥራ ነው። አንድ ዓመት ለአብዮት በዓል አውራጃው የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። «ያለፈው ሥርዓት መጓጓዣ» የሚል ጽሑፍ የተሰቀለበት ጠረጴዛ ነበረውና፣ እዚያ የሚቀመጥ ሞዴል ሁሉ ከድሮ ፎቶ ጋር ተመሳክሮ ልክ መሆን አለበት ተባለ። ዳኞቹ ሦስት ነን፤ ሰብሳቢው ካድሬ፣ የእንጨት ሥራ አስተማሪው፣ እኔ። አስተማሪው መገጣጠሚያውን ያያል፣ እኔ ቀለሙንና ምልክቱን። ካድሬው ሁለታችንን ያያል።

ከቀረበው ሁሉ ዓይን የሚገባው የአንድ ሽማግሌ ሥራ ነበር። ድሬዳዋ ባቡር ጥገና ውስጥ ዕድሜያቸውን ፉርጎ ሲቀቡ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ ሚስታቸው አገር፣ ወደ አርሲ የመጡ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ጥላ ጥላውን ብቻ ነው የሚያዩት። እጃቸው ግን እጅ ነው! ከጽድ እንጨት ሦስት ፉርጎ ሠርተው አመጡ፤ ከታች ቅጠልያ፣ ከላይ ክሬም፣ መሐል ላይ በተወጠረ ክር የተሰመረ ቢጫ መስመር። የቀለም ቆርቆሮውን የሚለዩላቸው ሚስታቸው ናቸው። ከድሬዳዋ ያመጡትን የፉርጎ ፎቶም በየጊዜው እያዩ የሚነግሯቸው እሳቸው ናቸው፤ ሽማግሌው ይህንን «ታነብልኛለች» ነው የሚሉት። በመጀመሪያው ፉርጎ ላይ፣ ከሁለተኛው መስኮት በታች፣ ከወተት ቆርቆሮ የተቆረጠችና ወርቅማ የተቀባች ዘውድ ተለጥፋለች።

ዘውድ፣ በዚያ ዘመን።

መጀመሪያ ግን ጭቅጭቁ የተነሳው በቀለሙ ነው። ካድሬው የሽማግሌውን ፎቶ አየና ፉርጎው ጥቁር ነው፣ አረንጓዴ ከየት መጣ አለ። እኔ ደግሞ መቼም አፌ አያርፍም፤ ተነስቼ አስተምረው ጀመር። ቀይም ሆነ አረንጓዴ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ያው ግራጫ ሆኖ እንደሚወጣ፣ ፎቶ ቀለም ይሰውራል እንጂ ያለውን የለም፣ የሌለውን አለ እንደማይል አስረዳሁት። አቤት የነበረኝ ጥጋብ። አስተማሪው በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ፤ ዝም በል ማለቱ ነበር፣ አልገባኝም።

ካድሬው ንግግሬን ወደደው። እንግዲያው ነገሩ ቀላል ነው አለ። ዘውዱ ፎቶው ላይ ካለ የታሪክ ማስረጃ ነው፣ ከጽሑፉ ሥር ይቀመጣል። ከሌለ ግን ሽማግሌው ከልባቸው አውጥተው የጨመሩት ናፍቆት ነው፤ ስለሱ ሌላ ቦታ ይጠየቃሉ። ሌላ ቦታ የት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ከዚያ ቦታ ያልተመለሰ ሰው ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁና አየሁ። ከሁለተኛው መስኮት በታች ንጹሕ ነው።

«የለም» አልኩ።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ካድሬው ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ሽማግሌው አልደነገጡም፤ እንዲያውም ዓይኑ ለደከመ ሰው ያዘኑ መሰሉ። እንደገና እየው ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት እንኳ ተነቦልኛል አሉኝ። ሚስታቸው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ነበሩ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሲስቡ አየኋቸው።

ማጉያ መነጽሬን ያወጣሁት ለሽማግሌው አዝኜ አይደለም። እልህ ይዞኝ ነው፣ ልክ መሆኔን ላሳይ። መነጽሩን ፎቶው ላይ ካለው ከሁለተኛው መስኮት ሥር ሳደርገው የወረቀቱ ልስላሴ ተገፎ ታየኝ። በላዩ ላይ የእርሳስ ነጠብጣብ አለ፣ ሦስት ሦስት እየሆነ የተደረደረ። በዚያ ከተማ ሦስት ሦስት አድርጎ የሚነቁጥ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም እኔ ነኝ።

የቤት ለቤት አሰሳ በነበረበት ሰሞን ሰው ፎቶውን በልብሱ ሸሽጎ በጓሮ በር ይመጣብን ነበር፤ ዘውድ ያለበትን፣ ኒሻን ያለበትን። መቅደድ አንጀታቸው አይችል፣ ማስቀመጥ ያስፈራል። እኔ እፍቅላቸዋለሁ። ስንቱን እንደፋቅሁ እንጃ። የእኚህን ሴት ግን አሁን አስታወስኩ። ባሌ እንዳይሰማ፣ ከሥራው የቀረው ይቺው ብቻ ናት ብለውኝ፣ ምዬላቸው ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ዝም ልል ነበር። ተፍቋል ብል ማን ፋቀው ይባላል፤ እኔ ነኝ ብል ደግሞ የማንን የማንን ፋቅህ ይመጣል። ግማሹ ከተማ አለበት። ልጄ ገና ሦስት ወሯ ነው፤ ሰበብ ሞልቶኛል። ካድሬው በር ላይ ለቆመው ጥበቃ በአገጩ ምልክት ሰጠ። ጥበቃው መጥቶ የሽማግሌውን ክንድ ያዘ። እሳቸው ለምን እንደተያዙ አልገባቸውም፤ መንገድ ሊመራቸው የመጣ መስሏቸው መረቁት።

ምርቃቱን መስማት አልቻልኩም።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ተሳስቻለሁ» አልኩ። «ዘውዱ ነበረ። የፋቅሁት እኔ ነኝ።»

አስተማሪው ፊቱን አዞረ። ካድሬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወንድም እንደሚጠይቅ፣ ፎቶውን ማን እንዳመጣልኝ ጠየቀኝ። አላስታውስም አልኩ። ወደ ሽማግሌው ዞረና እርስዎ ወስደውለት ነበር ወይ አላቸው። ሽማግሌው በኩራት፣ ይህ ፎቶ እስከ ዛሬ ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም አሉ። ጉድ ፈላ። ወይ እኔ ውሸታም ነኝ ወይ እሳቸው። ካድሬው እስክሪብቶውን ከደነና እንግዲህ ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ አለ።

ሚስታቸው የተነሱት ያኔ ነው። በኦሮምኛ ጀመሩ፣ ካድሬው ቋንቋውን እንደማይሰማ ሲገባቸው ወደ አማርኛ መለሱት።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት። እሱ አያውቅም። ዘውዱ ካለ ይገድሉታል ብዬ አስፋቅሁት፤ አሁን ደግሞ ዘውዱ የለም ብላችሁ ልትወስዱት ነው?»

ካድሬው የጻፈውን ለረጅም ጊዜ አየው። እንዲህ ያለ ነገር ሪፖርት ላይ እንዴት እንደሚጻፍ የጠፋው መሰለኝ። በመጨረሻ ወረቀቱን ቀደደና ሽማግሌውን ልቀቀው አለ። ፉርጎዎቹ ያለ ሽልማት ከጽሑፉ ሥር እንዲቀመጡ፣ እኔም ግለ ሂስ ጽፌ እንዳመጣ አዞ ወጣ። ግለ ሂስ! ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሮጬ ሄጄ አባባ፣ እግዜር አተረፈዎ አልኳቸው።

አልሰሙኝም። ፊታቸውን ሚስታቸው ወዳሉበት አዙረው ቆመዋል።

«ጠዋት ያነበብሽልኝስ?» አሉ። «አለ ብለሽኝ አልነበረም?»

ሽማግሌው ዱላቸውን በእጃቸው ፈልገው አገኙና ብቻቸውን ወደ በሩ ሄዱ። ሚስታቸው ደረጃው ላይ ሊይዟቸው እጃቸውን ቢዘረጉ፣ ክንዳቸውን ሰበሰቡባቸው።

ክረምቱ ሲወጣ ሴትየዋ ፎቶ ቤት መጡ። ሊወቅሱኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ፎቶውን ከጉያቸው አውጥተው፣ ዘውዱን መልሰህ ልትስለው ትችላለህ ወይ አሉኝ። እችላለሁ አልኩ፤ እውነትም እችላለሁ። ግን እማማ፣ እንደገና አሰሳ ቢመጣስ ብላቸው፣ ይምጣ አሉ። ባለቤትዎስ አያዩትም፣ ምን ይጠቅማቸዋል አልኩ።

«ጎረቤት ናት አሁን የምታነብለት» አሉኝ። «አለ እንድትለው ብዬ ነው። ትናንት የለበስኩት ቀሚስ ቀለሙ ምን እንደሆነ እንኳ እሷን ጠየቃት፤ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ።»