መረሬ ላይ የተነጠፈ አስፋልት

እነዋሪ ከተማ ዳር፣ ቤቱ አልቆ እርሻው የሚጀምርበት ላይ፣ የወይዘሮ ለተጊዮርጊስ የስንዴ መጋዘን አለ። ከዋናው መንገድ እስከ መጋዘኑ በር ያለው መግቢያ ክረምት በገባ ቁጥር ጭነት መኪና የሚውጥ ጭቃ ይሆን ነበር። የአገራችን የጅሩ ጥቁር አፈር፣ መረሬ የምንለው፣ ጠባዩ ይኸው ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲያገኝ ደግሞ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል።

ይህን መግቢያ አስፋልት ያለበሰው ወልደኪዳን ነው።

ወልደኪዳን የዚያው አገር ገበሬ ልጅ ነው። ከአባቱ የደረሰችው መሬት ጠባብ ስለነበረች በወጣትነቱ አፋር ወርዶ በመንገድ ሥራ ተቀጠረ። ሬንጅ ማቅለጥ፣ ጠጠር መለወስ፣ መዳመጥ፣ ሁሉንም በማየት ተማረ። ለዓመታት እዚያው ሲመላለስ ኖሮ፣ አምና በጠራራ ፀሐይ የፈላ ሬንጅ በርሜል አጠገብ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ደብረ ብርሃን ያየው ሐኪም ኩላሊቱ እንደተጎዳ ነገረው።

«ሁለተኛ እዚያ ሙቀት ውስጥ ገብተህ ብትሠራ ተመልሰህ መምጣትህን እንጃ» አለው።

ባለቤቱ ይመኙሻል ይህን ስትሰማ ልብሱን የሚይዝበትን ሻንጣ ለጎረቤት ሰጠችው። «እንግዲህ በምን ልትሄድ ነው?» አለችና ሳቀች፤ ወዲያው ግን ዞር ብላ አለቀሰች።

የወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ሥራ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ወልደኪዳን እንደ ምሕረት ቆጠረው። ሌሎች የከተማው ነጋዴዎችም ግቢያቸውን ለማስነጠፍ አስበው የዚህን መጨረሻ ይጠብቁ ነበር። አስፋልቱ ክረምቱን ከቻለ አገሩ ላይ እንጀራ ይኖረዋል። ካልቻለ አፋር ነው፤ አፋር ደግሞ ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ሚያዝያ ላይ ጥቁሩን አፈር ወገብ ድረስ አስቆፍሮ አወጣ። ጉድጓዱን በገረጋንቲ፣ ጠጠር በበዛበት የመንገድ አፈር፣ ሞላ፣ ደመደመ፣ ከላይ ሬንጅና ጠጠር ለውሶ አነጠፈበት። ሲያልቅ እንደ ጥቁር ነጠላ ተዘርግቶ ያምር ነበር። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ጫማቸውን አውልቀው እየተራመዱበት መረቁት።

ሐምሌ ሲጋመስ ጠርዙ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ታየ።

ወልደኪዳን ሬንጅ አቅልጦ ደፈነው። ሌላ ቦታ ተሰነጠቀ፤ ያንንም ደፈነው። ጠርዙ እያበጠ ተነሳ፣ መሐሉ እየላላ ሄደ። እሱም ከቤተ ክርስቲያን መልስ እየመጣ ይደፍናል። የሚያስፈራው ነገር ግን ሰማዩ ጠርቶ በዋለበት ቀን መጣ። የመጋዘኑን ስንዴ የሚያመላልሰው የአይሱዙ ሾፌር አበባው ጭኖ ሲያልፍ፣ ጎማው በረገጠው ቁጥር ከስንጥቁ ውስጥ ቡናማ ውሃ ፊን እያለ ይወጣ ጀመር።

አበባው አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ወልዴ! አስፋልት ነው ያነጠፍከው ፍራሽ? ይሰምጣል፣ ይነሳል!»

«ቀስ ብለህ ንዳ አንተም።»

«ቀስ ካልኩማ እዚሁ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነው!»

በመጋዘኑ በር የቆሙት ጫኝና አውራጆች ሳቁ። ወልደኪዳንም አብሮ ሊስቅ ሞክሮ አፉ እንቢ አለው።

በዚያው ሰሞን ከአፋር ስልክ ተደወለ። ድሮ አብሮት ይሠራ የነበረው ጌታሰው ነው። «ሰው እየቀጠሩ ነው፤ ከፍልሰታ በኋላ ከደብረ ብርሃን መኪና ይነሳል። ስምህን ላስይዝልህ?» አለው። ወልደኪዳን «እስኪ ላስብበት» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ለይመኙሻል አልነገራትም፤ እሷ ግን ማታ የቀረበለትን ሳይነካ ሲነሳ አይታ አንድ ነገር እንዳለ አወቀች።

ፍልሰታ ገባ። ያን ሱባዔ ወልደኪዳን ቅዳሴው እስኪያልቅ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆሞ፣ ከሰዓት በኋላ በባዶ ሆዱ አስፋልቱ ላይ ይንበረከክ ነበር። እመቤቴ ሆይ፣ ልጆቼን ያለ አባት አታስቀሪብኝ ይላል። ሌላ ልመና አልመጣለትም።

አንድ ቀን ከሰዓት ጠርዙን በዲጂኖ ቆፍሮ ለማየት ቆረጠ። ብረቱ ገረጋንቲው ጋ ሲደርስ ውሃው ቡልቅ ብሎ እግሩን አለበሰው። ጉድጓዱ ሞልቶ ፈሰሰ፣ አሁንም ሞላ።

ከጫኝና አውራጆቹ አንዱ «ጠበል አፈለቅህ እንዴ ወልዴ? እኛም እንጠመቅ!» ሲል ጮኸ።

ይመኙሻል በዚያ በኩል እያለፈች ነበር። ከማሳ እየተመለሰች ነው፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። በጅሩ ነሐሴ ላይ ማሳው ከታረሰ በኋላ ቤተሰቡ በሙሉ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን በእጁ እየዛቀ ከፍ ያለ መደብ ይሠራል፤ በመደብና በመደብ መሐል ለውሃ መሄጃ ቦይ ይተዋል። ይህ ካልተደረገ መረሬ ላይ ስንዴ ይበሰብሳል። ወልደኪዳን ዘንድሮ አስፋልቱን ሲያስታምም ማሳውን ለእሷና ለልጆቹ ትቶት ነበር።

ጎንበስ ብላ ጉድጓዱን አየች። «ይኼ ሁሉ ውሃ በየት ነው የሚወጣው?»

«የሚገባበትማ የለም፤ በሬንጅ ደፍኜዋለሁ» አላት።

«መግቢያውን መች ጠየቅኩህ? መውጫውን ነው እንጂ።»

ወልደኪዳን ዲጂኖውን መሬት ላይ ጣለ። አፋር አሸዋ ነው፤ የፈሰሰውን ውሃ ይጠጣዋል፤ እዚያ ማንም ስለ መውጫ ጠይቆ አያውቅም። እሱም እንደተማረው ቆፈረ፣ ሞላ፣ ደመደመ። ውሃ በማያሳልፍ መረሬ ውስጥ ትልቅ ገንዳ ቆፍሮ ውሃ በሚያሳልፍ ገረጋንቲ መሙላቱን ግን ልብ አላለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ከእናቱ ጎን ተጎንብሶ ቦይ ሲያወጣ ያደገ ሰው፣ ቦይ ረሳ።

መውጫ ለማበጀት የቀረው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር፤ በታች በኩል፣ ከመጋዘኑ ሥር በሚያርሱት ሽማግሌ፣ በጋሽ ሰይፈሥላሴ ማሳ። በዚያ አገር ደግሞ የውሃ መሄጃ መደቡ ከመሠራቱ በፊት ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋግሮ የሚቆርጠው ነገር ነው። መደብ ካለቀ በኋላ በሰው ማሳ አዲስ ውሃ መልቀቅ ከነውር ይቆጠራል። የጋሽ ሰይፈሥላሴ መደብ ደግሞ ካለቀ ሰንብቷል።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠው አገኛቸው። ነገሩን ሲጨርስ ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ አሳረፉ።

«የነጋዴ ደጅ ልታደርቅ እኔን ልታሰጥመኝ ነው?»

«በወሰኑ በኩል ነው የምወስደው ጋሼ። ዳር ያለችው መደብ ብትነካ በእጄ መልሼ እሠራታለሁ። ከስንዴው የጎደለውን ከራሴ ማሳ እተካለሁ።»

«ካንተ ማሳ? ያችን ጉርሻ?» ብለው ሳቁ። ሳቁን ግን አልጨረሱትም። «አፋር ሊመለስ ነው የሚሉህ እውነት ነው?»

«ካልሆነልኝ ሌላ ምን አለኝ ጋሼ?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አንስተው አፈሩ ላይ መስመር አሰመሩ።

«አባትህ ከላዬ ሲያርስ ውሃ ሳይነግረኝ ለቆብኝ አያውቅም። አንተም መጥተህ ነገርከኝ» አሉ በመጨረሻ። «በወሰኑ ውሰደው። ሁለተኛዋን መደብ ብትነካ ግን እዚያው ቦይህ ውስጥ ነው የማጋድምህ!»

ሳይውል ሳያድር ዲጂኖውን ይዞ የገዛ አስፋልቱን በታችኛው ጠርዝ በኩል መቁረጥ ጀመረ። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ድምፁን ሰምተው እየሮጡ ወጡ።

«ኧረ በማርያም! የቀረውንም ልታፈርሰው ነው?»

«ካልቆረጥኩት ሁሉም ይሄዳል እትዬ። ሥር ሥሩን ውሃ ሞልቶታል፤ ያንን የሞላሁት እኔ ነኝ። ሳነጥፍ መውጫ አላበጀሁለትም።»

ሴትዮዋ ጥቂት ተመልክተውት ወደ መጋዘናቸው ተመለሱ። ቆፍረህ ጨርስ አላሉትም፤ ተው ብለውም አልከለከሉትም።

ቦዩ ገረጋንቲው ሥር ደርሶ ወደ ወሰኑ ሲከፈት ውሃው እየጎረፈ ወረደ። ቀኑን ሙሉ ወረደ፤ በማግስቱም አልቆመም። ወልደኪዳን ዳር ቆሞ ያየዋል። ያን ሁሉ ክረምት በሬንጅ ሲደፍን የነበረው መውጣት የፈለገውን ውሃ እንደነበር እያሰበ ያፍር ነበር።

ፍልሰታ ተፈታ። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ አበባውን ጭነህ እለፍበት አሉት። ነጋዴዎቹም መጥተው ቆሙ። የላይኛው ግማሽ ገና ጎማው ሲነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረካከሰ፤ ከመዳን አልፎ ነበር። የታችኛው፣ ቦዩ ሥሩን ያደረቀለት፣ ጭነቱን ቻለ። ውሃም አልወጣውም። አበባው ሳይቀልድ ነድቶ አለፈ። ነጋዴዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ «እኔስ ድንጋይ ማስነጠፉ ይሻለኛል» አለና ሄደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ወልደኪዳን የተፈረካከሰው ላይ ቁጭ አለ።

«ተነስ» አሉት ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ። «የላዩን ከመስቀል በኋላ መሬቱ ሲጠጥር ታነሳዋለህ። መውጫ አብጅተህለት መልሰህ ታነጥፋለህ። ጉልበቱ ካንተ፣ ሬንጁ ከኔ። ሰዎቹ ዘንድሮ አይጠሩህም፤ ሥራው ጥሩ ነው ብዬም አልዋሽልህም። ለከርሞ አስፋልቱ ራሱ ይናገር።»

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለና ተነስቶ እጅ ነሳ።

ጌታሰው ከደብረ ብርሃን ሲደውል ወልደኪዳን ከይመኙሻል ጋር በጋሽ ሰይፈሥላሴ ማሳ ዳር፣ ውሃው የሸረፋትን መደብ በእጁ እየመለሰ ነበር። ስልኩን በጭቃ ጣቱ ነካና ጆሮው ላይ አደረገ።

«መኪናው ሊነሳ ነው፤ ትመጣለህ ወይስ ትቀራለህ?»

«አልመጣም ጌታሰው። በሰላም ግቡ። ውሃ ጠጡ፤ በርሜሉ አጠገብ ብዙ አትቁም።»

ይመኙሻል ቀና ሳትል ጭቃውን ዛቀች። «አዝመራው እስኪደርስ ምን ልንበላ ነው?»

«እንጃ።»

«እኔም እንጃ» አለች። ቀጥላም «ወዲህ ጠጋ በል፤ መደብ አሠራር ጠፍቶሃል፤ ቁልቁል ነው የሚዛቀው» አለችው።

ጠጋ አለ። ከዓመት ዓመት የናፈቀው ቀዝቃዛ ጭቃ እስከ ክርኑ ዋጠው። ተመስገን አለ በልቡ፤ አዝመራውን ሳያይ፣ የከርሞውን ሳያውቅ፣ ተመስገን አለና የሚቀጥለውን ዛቀ።